ከካላማዳርያ የተቆረጡ ሽፋኖች፦ የሥራ ማስታወሻ ከባሕር ዳር

ጥቅምት መጀመሪያ

ሐሳቡ አጭር ነው። ሦስት መጻሕፍት እወስዳለሁ፤ ለእያንዳንዳቸው በእጅ የታተመ፣ የሚወልቅና የሚለበስ የወረቀት ጃኬት እሠራለሁ። የሰው ፊት አልስልም። ጀንበርም አላጠልቅም።

መነሻዬ አልቪን ሉስቲግ የሚባል አሜሪካዊ የመጽሐፍ ሽፋን ዲዛይነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 ዴንቨር ተወልዶ ሎስ አንጀለስ አደገ። ልጅ ሳለ የምትሃት ትርኢት ያሳይ ነበር፤ የትርኢቱንም ፖስተር የሚሠራው ራሱ ነበር። በ1930ዎቹ አጋማሽ ከአንድ መድኃኒት ቤት ጀርባ ትንሽ ማተሚያ ከፍቶ፣ ከፊደል ለቃሚው ሳጥን ከእርሳስ ብረት የተሠራውን ጌጣጌጥ እያወጣ ይደረድር ጀመር፦ መስመር፣ ነጥብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ግማሽ ክብ። የሚደረድረው ሥዕል ይመስላል፤ ግን የማንም ሥዕል አይደለም። በ1941 ለኒው ዳይሬክሽንስ አሳታሚ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሠራ፤ ከ1945 ጀምሮ ደግሞ የዚያኑ አሳታሚ «ኒው ክላሲክስ» ተከታታይ ጃኬቶች። ታሪኩን አንብቦ ይጨርሳል፣ ከዚያ ታሪኩን አይስለውም፤ የታሪኩን ጠባይ የያዘ አንድ ምልክት ይፈልጋል። ሁሉ ነገሩ ይኸው ነው፤ ከባዱም ይኸው ነው።

የእኛን መደርደሪያ ሳይ ለምን ይህ ሰው እንደሳበኝ ይገባኛል። ስለ ፍቅር ከሆነ የምታለቅስ ሴት፣ ስለ ፖለቲካ ከሆነ የተበጠሰ ሰንሰለት፣ ርዕሱ ወርቃማ ሆኖ ጥላ ጥሎ፣ ከኋላ ደራሲው ሱፍ ለብሶ። ገዢው ገና ሳይገልጠው ምን ሊሰማው እንደሚገባ ተነግሮት ያልቃል። ሠሪዎቹን አልወቅስም፤ ባለመጽሐፉ «ሰው ይኑርበት» ካለ ሰው ይኖርበታል።

የሉስቲግን መልክ መቅዳት አልፈልግም። የእሱ ቅርጾች ከሠዓሊዎቹ ከፖል ክሌና ከሚሮ ሰፈር የመጡ ናቸው፤ እኔ ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ብቀዳቸው የቅጂ ቅጂ ነው የሚሆነው። የምወስደው የአሠራሩን መንገድ ነው፦ በእጅ ካለው የማተሚያ ቁሳቁስ ቅርጽ ማውጣት።

ስለ መጠን

የእኛ ልብ ወለዶች በብዛት ለስላሳ ሽፋን ናቸው፤ ጃኬት የላቸውም። ግን እዚህ አገር የተማረ ሁሉ ጃኬት መሥራት ያውቃል፤ መስከረም ሲጠባ ደብተር ያልለበደ ማን አለ? በካኪ ወረቀት፣ በጋዜጣ፣ ባለፈው ዓመት ካላንደር። እኔም ካኪውን መረጥኩ። ቀለም ይመጣል፣ ሲታጠፍ አይሰነጠቅም፣ ዋጋውም አያስቆጭም።

ችግሩ ስፋቱ ነው። የያዝኩት የካኪ ወረቀት ኤ3 ልክ ነው፤ 42 በ29.7 ሴንቲ ሜትር። መጽሐፎቼ ኤ5 ናቸው፤ አንዱ ገጽ 14.8 በ21። ፊትና ጀርባ 29.6 ይወስዳሉ። የሐዲስ ዓለማየሁ ወፍራሙ መጽሐፍ በእኔ እትም ጎኑ፣ የተጠረዘበት ወገን፣ 3 ሴንቲ ነው፤ 32.6 ሆነ። የቀረው 9.4 ለሁለት ሲካፈል ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ጆሮ 4.7 ሴንቲ ብቻ ነው። መደበኛ ጃኬት 8 ወይም 9 ሴንቲ ጆሮ አለው። አጭር ጆሮ መጽሐፉ በተከፈተ ቁጥር ሾልኮ ይወጣል።

መፍትሔው ከደብተር ልባድ ተገኘ። ከቁመቱ በኩል 8.7 ሴንቲ ይተርፋል፤ ከላይና ከታች 4.35 አድርጌ ወደ ውስጥ ሳጥፈው፣ የሽፋኑን ማዕዘኖች ኪስ ውስጥ እንደመክተት ይይዛቸዋል። ጠርዙም ሁለት እጥፍ ስለሚሆን አይበላም። የሁለተኛ ክፍል ልጅ የሚያውቀው ነገር ነው።

ጎሚስታው ዘንድ

የእርሳስ ፊደል የለኝም። ሊኖሊየም ፍለጋም አልሄድኩም። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፤ ብስክሌት ባለበት ደግሞ የተጣለ ካላማዳርያ አይጠፋም። ጊሽ ዓባይ አካባቢ ያለ ጎሚስታ አንድ ጆንያ ሙሉ እያሳየኝ «ምን ልታደርጊበት ነው?» አለኝ። መጽሐፍ ላትምበት ነው አልኩት። «እንግዲህ ውሰጂ፣ እኛ ስናነደው ይሸተናል» ብሎ በነፃ ሰጠኝ።

ካላማዳርያ በከተር እንደ ቅቤ ይቆረጣል፤ ጠርዙ አይበላሽም፤ ውፍረቱም ወጥ ነው። የቆረጥኩትን በኮምፔንሳቶ ቁራጭ ላይ በማስቲሽ ለጥፌ ማኅተም አደርገዋለሁ። አንድ ነገር ግን ከጎሚስታው ተማርኩ። ጎማው ከውስጥ ነጭ ዱቄት አለው፤ ዱቄቱ ካልተነሣ ማስቲሽ አይዘውም። በሳሙና ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል፣ ማስቲሹ በሁለቱም ወገን ተቀብቶ እጅ ላይ መያዙ እስኪቀር ይጠበቃል፣ ከዚያ ይጫናል። የተነፈሰ ጎማ የሚለጠፍበት ሥርዓት ነው፤ አንድም ደረጃ አይዘለልም።

ቀለሙ ከማተሚያ ቤት የተረፈ የኦፍሴት ቀለም ነው፤ ጥቁርና ቀይ። መስታወት ላይ በቢላዋ ይለወሳል፣ በላስቲክ ሮለር ይዘረጋል። ሮለሩ ቀለሙ ላይ ሲሄድ ድምፅ አለው፤ ሲበዛ ይንጨባጨባል፣ ሲበቃው እንደ ሐር ይንሿሿል። ያን ድምፅ ከሰሙ በኋላ በዓይን መመዘን አያስፈልግም። ማተሚያ መኪናዬ የማንኪያ ጀርባ ነው። ማጽጃው ነጭ ጋዝ ነው፤ ቤቱ ሁሉ ስለሚሸት በረንዳ ላይ እሠራለሁ።

ዘጌ

የመጀመሪያው መጽሐፍ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» ተብሎ የታተመው፣ በኋላ «ጦቢያ» የተባለው። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለው እሱ ነው። ደራሲው የተወለደው ደግሞ እዚሁ ጣና ላይ፣ ዘጌ ነው። ሮም ላይ የታተመን መጽሐፍ ልባሱን እንኳ እዚህ እናልብሰው ብዬ በጀልባ ተሻገርኩ።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሄድኩት ሥዕሎቹን ለማየት አልነበረም፤ እነሱን ሰው ሁሉ ያያቸዋል። የፈለግኩት የመጽሐፍ ልብስ ነው። አንድ አባት ማኅደር አሳዩኝ፦ ከወፍራም ቆዳ የተሰፋ፣ ክዳን ያለው፣ ማንገቻው ከዘመን ብዛት የጠቆረ። ውስጡ የብራና መጽሐፍ ነው፤ የእንጨት ገበታው ቆዳ ለብሷል፣ ቆዳው ላይ መስቀል በጋለ ብረት ታትሟል።

«አባ፣ ከውጭ ምንም አልተጻፈበትም። የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ በምን ይለያሉ?»

«በልብሱ ነዋ ልጄ። ይኼ ማንገቻው የተቀጠለው ተአምረ ማርያም ነው። ያ ጎኑ የተላጠው ግብረ ሕማማት። አብሮ የኖረ ሰው ይጠፋዋል?»

መልሱ አልለቀቀኝም። ስም ሳይጻፍበት የሚታወቅ ልባስ። ሉስቲግ እንኳ ርዕሱን ከጃኬቱ ላይ አላወጣም፤ አሳታሚ የሚከፍለው ሰው ሊያወጣ አይችልማ። እኔ የሚከፍለኝ ስለሌለ እችላለሁ።

ብራናውን ሲገልጡልኝ ያየሁትንም ልጻፍ። ጽሕፈቱ ጥቁር ነው፤ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ሲደርስ ቀይ ይሆናል። ዓምዶቹ የተሠመሩት በቀለም ሳይሆን በወስፌ ጫፍ ነው፤ ብርሃን ከጎን ሲመታው ብቻ ይታያል። ከምዕራፉ ራስ ላይ ሐረጉ እየተጠላለፈ ይሄዳል። ከሉስቲግ የእርሳስ ጌጥ ሳጥን ጋር የሚመጣጠን የራሳችን ሳጥን ቢኖር ይኼ ነው፤ አንዲት ቋጠሮ ተደጋግማ ገጽ ትሞላለች። ፎቶ አላነሣሁም፤ በእርሳስ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ።

ጦቢያ

ታሪኩን የሚያውቅ ያውቃል። ጦቢያና ዋሕድ መንትዮች ናቸው፤ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ መንገድ ትወጣለች፤ ያያት ሁሉ ወንድ ናት ይላል። የሚሣል ሰው አለ፣ ጦር አለ፣ ንጉሥ አለ። እኔ የምፈልገው ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ መንታነትና መሸፈን።

ከመጀመሪያው ርዕስ ውስጥ «ወ»ን አወጣሁ። ክብ ናት፣ መሐሏ በመስመር ተከፍሏል፣ ሁለቱ ወገኖች እኩል ናቸው። ለማኅተም ሲቆረጥ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ፊደላት ገልብጦ መቅረጽ አያስፈልግም፤ ወዲህም ወዲያም ያው ናት። አንድ ግማሽ ክብ ከካላማዳርያ ቆረጥኩ፤ ቁመቱ 9 ሴንቲ ሜትር። በዚያው ማኅተም የግራውን ጥቁር አተምኩ፤ ማኅተሙን አዙሬ የቀኙን በቀይ። መሐላቸው 3 ሚሊ ሜትር ባዶ ካኪ ተውኩ፤ የ«ወ» መስመር እሷ ናት። ከአንድ ጎማ የወጡ ስለሆኑ መንታነቱ ተሳካ።

ቀዩ ካደረ በኋላ በላዩ ያንኑ ማኅተም ጥቁር ቀብቼ፣ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ አሽሽቼ ደገምኩት። ጥቁሩ ቀጭን ስለሆነ ቀዩን ጨርሶ አይገድለውም፤ ከሥር ይሞቃል፣ በመሐለኛው ጠርዝ ደግሞ ስስ ቀይ ክር ሆኖ ያመልጣል። ከሩቅ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ቀረብ ሲባል አንደኛው ጥቁር እንዳልሆነ ይታወቃል። ስለ ጦቢያ ልለው የፈለግኩት ይኸው ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ከዩኒቨርሲቲ መጥቶ በረንዳው ላይ ተሰቅሎ ሲደርቅ አየው።

«እታለም፣ የቡና ማስታወቂያ ያዝሽ እንዴ?»

ትክክል ነው፤ መሐሉ የተሰነጠቀ ክብ፣ ለዚያውም ካኪ ላይ፣ የቡና ፍሬ ነው። ላጠፋው አሰብኩ፤ ክቡን ማስፋት፣ ክፍተቱን ማጥበብ። ከዚያ ግን ዘጌ ከቡና ሌላ ምን አለና! ደራሲው የበቀለበት ደን ሳይጠራ ከመጣ ለምን አባርረዋለሁ? ተውኩት። የሐረጉን ቋጠሮ በጀርባው በኩል በትንሹ አተምኩ፤ ርዕሱን በጎኑ ላይ።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ጥቁርና ቀይ በካኪ ላይ ወዲያው ብራና ብራና ይላል፤ ትንሽ ከተገፋ ለቱሪስት የሚሸጥ ዕቃ ይሆናል። ለሚቀጥለው ቀይ የለም፣ ሐረግም የለም።

ግድግዳው

«ፍቅር እስከ መቃብር»፣ 1958 ዓ.ም.። ሰብለ ወንጌልና በዛብህ በሰው ሁሉ ልብ ውስጥ መልክ አላቸው፤ አንዱን መልክ መርጦ ሽፋን ላይ ማስቀመጥ የሌላውን አንባቢ ሰብለ መግደል ነው። ስለዚህ ከእነሱ ይልቅ በመሐላቸው ስላለው ነገር አሰብኩ። እሱ ሊያስተምራት የገባ የድኻ ልጅ ነው፤ እሷ የባላባት ልጅ። ያገናኛቸው ትምህርት ነው። እንግዲያው የፊደል ገበታ።

ገበታው 33 ረድፍ በ7 ዓምድ ነው፤ 231 ቤት። የመጽሐፉን ፊት በዚያ ልክ ስከፍለው 14.8 ለ7 ሲካፈል 2.1 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ 21 ለ33 ሲካፈል 6.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ወጣ። አግድም የተኛ ጠፍጣፋ ቤት። ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ሳሠምረው ገበታው ጠፍቶ ጡብ ሆኖ አገኘሁት። ግድግዳ! ይህን ብፈልገው ኖሮ አላገኘውም ነበር፤ ያወጣው የመጽሐፉ መጠን ራሱ ነው።

አንድ ጡብ ቆረጥኩ፤ ፊደል የሌለበት ባዶ ጡብ። በአንድ ቀለም ቅቢ ቀለሙ እስኪከዳው ደጋግሜ አትማለሁ፤ መጀመሪያው ከሰል ነው፣ እየቆየ አመድ ይሆናል፣ ከዚያ የጎማው ሸካራነት ብቻ ይቀራል። እንደገና ይቀባል። ድንጋይ ለመምሰል ሌላ ዘዴ አላስፈለገውም።

ሦስት ቤቶች ግን አላተምኳቸውም። ፍ፣ ቅ፣ ር። ሦስቱም ሳድስ ናቸው፣ ስለዚህ ሦስቱም በስድስተኛው ዓምድ ይወድቃሉ፦ «ረ» በ6ኛው ረድፍ፣ «ቀ» በ9ኛው፣ «ፈ» በ32ኛው። ከላይ ሁለት መስኮት ተቀራርበው፣ ከሥር አንዱ ብቻውን መሬት ሊነካ ጥቂት ቀርቶት። ቦታቸውን እኔ ብመርጥ እንዲህ አላምር ነበር። የሚያነበው ከታች ወደ ላይ ነው የሚያነበው፤ የማያነበው ደግሞ ቀዳዳ ያለው ግድግዳ ያያል፤ ሁለቱም አልተታለሉም።

ወንድሜ የሚማረው ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነው። ገና ሲያየው ሳቀ።

«ይኼ ግድግዳ አይቆምም። መጋጠሚያው ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ወርዷል። ጡብ ሲደረደር መጋጠሚያ ከመጋጠሚያ አይገናኝም፤ ይፈራረቃል። ይኼ በመጀመሪያው ንቅናቄ ይሰነጠቃል።»

«ይሰንጠቅ» አልኩት። የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ የተደገፉበት ግድግዳ ነው፤ ቢሰነጠቅ ለመጽሐፉ ያደላል።

ፊቱ ላይ ርዕስ የለም፤ የዘጌው ማኅደር ዕዳ ነው። ርዕሱ በጎኑ ነው ያለው። ፊደላችን አንዱ ከአንዱ ስለማይቀጠል ከላይ ወደ ታች መደርደር ይችላል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» 10 ፊደል ነው፣ ጎኑ 21 ሴንቲ፤ ለአንዱ ፊደል ከነቦታው 2 ሴንቲ ይደርሰዋል። የመደርደሪያ አንባቢ አንገቱን አያጣምምም። አሳታሚዎቻችን ርዕሱን ለምን እንደሚያጋድሙት ገብቶኝ አያውቅም።

ዓይን ጨፍኖ

ሉስቲግ ገና በወጣትነቱ የስኳር ሕመም ያዘው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓይኑ እየደከመ ሄዶ በ1954 ገደማ ማየት አቆመ። ሥራ ግን አላቆመም። ቅርጹን በአእምሮው ይሠራል፣ ልኩን በቃል ይናገራል፣ ቀለሙን ደግሞ እሱም ሰሚውም ቀድሞ በሚያውቁት ነገር ይጠራል፤ ሚስቱ ኢሌንና ረዳቶቹ ወረቀት ላይ ያወርዱታል። በ1955 በ40 ዓመቱ ሞተ። ኢሌን ከዚያ በኋላ በራሷ ስም ስመ ጥር ዲዛይነር ሆና እስከ 2016 ኖረች። የእሱ ዓይነ ስውርነት ሲተረት የእሷ እጅ ይረሳል፤ በቃል የተነገረን ነገር ወረቀት ላይ ማውረድ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ይህን ሳምንት አይቻለሁ።

ሦስተኛው መጽሐፍ የአንዲት ወዳጄ የግጥም ስብስብ ነው፤ ገና አልታተመም። ስለ ሐይቁ ነው። ሉስቲግ በኋለኛ ዘመኑ ወደ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አዘንብሎ ነበር፤ ስለዚህ በስልኬ የታንኳ ጫፍ አነሣሁ፦ ደንገሉ ታስሮ፣ የተቆረጠው አፉ ወደ ካሜራው ዞሮ። ፎቶኮፒ ቤት ወስጄ የኮፒውን ኮፒ፣ የዚያንም ኮፒ አስነሣሁ። ግራጫው ሁሉ ረግፎ ጥቁር ነጠብጣብ ቀረ። ከዚያ ዓይኔን በነጠላ አስሬ ወንድሜን አስቀመጥኩት።

ሴንቲ ሜትር ከተከለከለ ጣትና ስንዝር አለ። «ከላይ አራት ጣት ውረድ። እዚያ ላይ አግድም አንድ ስንዝር የሚሄድ ክር የመሰለ መስመር። ፎቶውን ከሥሩ፣ ከግራ ጠርዝ ሁለት ጣት አስገብተህ።»

«በማን ጣት? በአንቺ ወይስ በእኔ?»

በእሱ እንዲሆን ተስማማን፤ ወረቀቱ እሱ እጅ ላይ ነው። ከልክ ይልቅ የከበደው ቀለም ነው። «መደቡ የነሐሴ ጣና» አልኩት። ምንም አልጠየቀኝም፤ ጉማራና ርብ አፈር ተሸክመው ሲገቡ ውኃው ምን እንደሚመስል እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቃል። «መስመሩ የባጃጅ ሰማያዊ» ስለው ግን ዝም አለ።

«የትኛው ባጃጅ? አዲሱ ወይስ ፀሐይ የበላው?»

ፀሐይ የበላው አልኩ። ነጠላውን ስፈታ መስመሩ ካሰብኩት በጣም ዝቅ ብሎ፣ ፎቶውም ዘምሞ ነበር፤ የእሱ ጣት ከእኔ ይወፍራል። የደንገሉ አፎች ከመስመሩ በታች ውኃ ውስጥ ያሉ ይመስላሉ። እኔ እንዲህ አላሰብኳቸውም ነበር። ባየሁት ልክ ብሠራው ኖሮ ሥርዓት ያለው ፖስትካርድ ይወጣኝ ነበር። ወዳጄ የመረጠችው የእሱን ነው፤ እኔም በልቤ መርጬው ነበር።

ማተሚያ ቤት

ጦቢያና ግድግዳው የእኔ መደርደሪያ ላይ ይቀራሉ። የግጥሙ ግን ለሕትመት ይገባል፤ ወዳጄ 300 ቅጂ ትፈልጋለች። ማተሚያ ቤት ወስጄ ሳሳያቸው ልጁ «ይህን በፉል ከለር ነው የምናወጣው» አለ። ፉል ከለር አራት ፕሌት፣ ለየቀለሙ አንድ የማተሚያ ሰሌዳ፣ ማለት ነው፤ ቡኒውም ሰማያዊውም ከነጠብጣብ ተቀላቅሎ ይሠራል፣ ፀሐይ የበላው ባጃጅም አዲስ ባጃጅ ሆኖ ይወጣል። የእኔ ሥራ ሁለት ቀለም ብቻ ነው፤ ጥቁርና ሰማያዊ። የነሐሴው ጣና መደብ ራሱ ካኪው ወረቀት ነው፣ ቀለም አይፈልግም። ስለዚህ ሁለት ፕሌት፤ ሰማያዊው ማሽኑ ላይ ሳይሆን አስቀድሞ በእጅ ተለውሶ ይገባል። ልጁ ኃላፊውን ጠርቶ ተነጋገሩበት፤ ዋጋውም ወረደ፣ ካኪ ወረቀት ግን ማሽናቸው እንዳይጎትት ሠግተዋል። ሰኞ በጥቂት ወረቀት ይሞክሩታል፤ የተለወሰውን ሰማያዊ በጠርሙስ ይዤ እሄዳለሁ።